ወረቀቱ ጠረጴዛሽ ላይ የሚደርሰው መቼ ነው?

የምክር ዓምድ

ደብዳቤው አጥሮ እነሆ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በ2013 ዓ.ም. በሕግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሁለት ዓመት ወረዳ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ሠርቼ አዲስ አበባ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ጠበቃ ረዳት ነኝ፤ ክስና መልስ አረቅቃለሁ፣ መዝገብ አስከፍታለሁ፣ ቀጠሮ እከታተላለሁ። አሁን አንድ ዕቃ አስመጪና አከፋፋይ ኩባንያ በነገረ ፈጅነት ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። ከእኔ በፊት የሕግ ባለሙያ ቀጥሮ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ በቃለ መጠይቁ ላይ ‹የምንፈልገው ጉዳይ የሚጨርስልን ሰው ነው› አሉኝ። ጓደኞቼ ‹ነገረ ፈጅ ሆነሽ ልትቀሪ ነው? ባንክ ማስታወቂያ እስኪያወጣ ጠብቂ፣ ካልሆነም የጥብቅና ፈቃድ አውጪ› ይሉኛል። የአባቴ ምኞት ደግሞ ዳኛ እንድሆን ነው። የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖረኝ ድርጅቱን ወክዬ መቆም እችላለሁ? ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልገኛል? መንገዱስ የት ያደርሳል?

ግራ የገባኝ፣ ከመገናኛ»

እኅቴ ሆይ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቴም ዐይኔ የቆመው ሥራ አስኪያጁ በተናገሩት ላይ ነው። «ጉዳይ የሚጨርስልን።» ይህች አባባል በአገራችን ሁለት ሥራ ትሸፍናለች። አንደኛው ነገረ ፈጅነት ነው፤ ቃሉ ራሱ ነገርን የሚጨርስ ማለት ነው (ቀልደኞች ገንዘብ ፈጅ ይሉናል፤ ለምደነዋል)። ሁለተኛው ጉዳይ አስፈጻሚነት ነው፤ ከመስኮት መስኮት ፋይል ማሳደድ፣ ማኅተም ማስመታት፣ ወረፋ ይዞ መዋል። የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። አምስት ዓመት ሕግ የተማርሽው ግን ለእርሱ አይደለም። ስለዚህ ተቀበይው ወይም ተዪው ከማለቴ በፊት፣ ተመልሰሽ ሄደሽ ሰውዬውን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ «እስከ ዛሬ ውል የሚያነብላችሁ ማን ነበር?»

መልሳቸውን በጥሞና ስሚ። «የፋይናንስ ኃላፊያችን እያየ ያርመዋል» ካሉሽ ደኅና ቤት ነው፤ ቢያንስ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ሊታይ እንደሚገባ ያውቃሉ። «ጠበቃ አለን፣ ክስ ሲመጣ እንጠራዋለን» ካሉሽ ብዙ ሥራ ይጠብቅሻል፤ ግን መማር የሚፈልጉ ሊሆኑ ይችላሉ። «ውል እኮ ሁሉም ያው ነው» ካሉሽ ግን ሻይሽን ጠጥተሽ ተሰናበቺ።

ይህን አጥብቄ የምጠይቅሽ በሙያው ሃያ ዓመት ገደማ ስቆይ የከሰርሁባቸው ጉዳዮች ሁሉ አንድ መልክ ስላላቸው ነው። ሕጉን ባለማወቄ የተሸነፍሁት ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ እኔ ዘንድ የደረሰው ካለቀለት በኋላ ነበር።

አንዱን ልንገርሽ። የምሠራበት ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ጎደለ። የቆጠራው ሪፖርት ኅዳር 8 ቀን ቀረበ። መጋዘን ጠባቂው ዕቃውን መውሰዱን በገዛ እጁ ጽፎ አምኗል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይገኛል? ግን «በደንብ ይጣራ» ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለመስክ ሥራ ወጣ። ገና መጣ፣ ጥምቀት መጣ። የስንብት ደብዳቤው ጥር 20 ቀን ወጪ ሆነ። እኔ ነገሩን የሰማሁት ሰውዬው ከስሶ መጥሪያ ሲመጣ ነው። መጥሪያውን ይዤ ቀን መቁጠሪያው ፊት ቆምሁና በእርሳስ መቁጠር ጀመርሁ፤ ከሪፖርቱ እስከ ደብዳቤው 72 ቀን። እሑዶቹንና በዓላቱን ብቀንስም የትም አያደርሰኝም፤ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትበትን ምክንያት ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ቀሪ ይሆናል። ያኔም እንዲህ ነበር፤ ዛሬም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ላይ እንዲሁ ነው። ችሎት ቀርቤ «አሠሪው አወቀ የሚባለው ኮሚቴው ሲጨርስ ነው» ብዬ ተከራከርሁ። ዳኛዋ የቆጠራ ሪፖርቱን አገላብጠው ግርጌውን በጣታቸው አመለከቱኝ፤ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ከነቀኑ ኅዳር 8 ይላል። ሌባውን ካሳ ከፍለን ሸኘነው።

ኅዳር 9 ቀን ጠዋት አንድ ሰው ስልክ ደውሎልኝ ቢሆን ኖሮ የሁለት አንቀጽ ደብዳቤ ነበር የሚበቃው።

አንቺን የሚመለከት ሌላም አለ፤ የምትገቢው አስመጪ ቤት ነውና። የውጭ አቅራቢዎች ውላቸውን አዘጋጅተው ይልካሉ፤ ዋጋውና የማስረከቢያው ጊዜ ፊት ለፊት ይታያል፤ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ማንም በማያነበው ቦታ፣ አለመግባባት ሲፈጠር በለንደን በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ውል ተፈርሞ አይቻለሁ። የተበላሸው ዕቃ ዋጋ ለአውሮፕላን ቲኬቱና ለዳኞቹ ክፍያ አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ መብታችንን ይዘን ቤታችን ተቀመጥን። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የኒውዮርኩን ስምምነት ተቀብላለች፤ ውጭ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ መጥቶ የሚፈጸምበት መንገድ ተከፍቷል። «አንሄድላቸውም» ብሎ መቀመጥም መሸሸጊያ አይሆንም።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ ልመለስ።

የጥብቅና ፈቃድ አያስፈልግሽም። የድርጅቱ ቋሚ ተቀጣሪ ሆነሽ የድርጅቱን ጉዳይ ይዘሽ ችሎት መቆም ትችያለሽ። የሚያስፈልግሽ ውክልና ነው፤ ያውም በወጉ የተጻፈ። ብዙ ድርጅቶች ውልና ማስረጃ ሄደው (ስሙ ቢለወጥም ሕዝቡ አሁንም እንዲህ ነው የሚለው) ጠቅላላ ውክልና ይሰጡና በቃን ይላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ግን ለመክሰስና ተከስሶ መልስ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ወደ ግልግል ለመሄድ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። እነዚህ በስም ተጠርተው ይግቡልሽ። መሸጥና መለወጥ የሚል ቃል ከገባበት ደግሞ አስወጪው፤ የኩባንያ ንብረት የመሸጥ ሥልጣን በስምሽ ተጽፎ ማደሩ ለእንቅልፍሽ አይበጅም። ሥራ የለቀቅሽ ዕለትም ውክልናው መሻሩን በወረቀት ሳትይዢ ክሊራንስ አትፈርሚ።

የሌላ ሰው ጉዳይ በጎን መያዝን ግን እርሺው። ደመወዝ የሚከፍልሽ አንድ ደንበኛ ነው።

ያ ደንበኛ ማን እንደ ሆነም ከመጀመሪያው ቀን ይግባሽ፤ ሥራ አስኪያጁ አይደሉም። ኩባንያው የራሱ የሕግ ሰውነት አለው፤ የተቀጠርሽው ለእርሱ ነው። አለቃሽ «ይህን ውል በወንድሜ ስም አድርጊልኝ» ያሉሽ ቀን ልዩነቱ ፊትሽ ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ምክርሽን በጽሑፍ፣ በትሕትና፣ በአንድ ገጽ ስጪ፤ ቅጂውንም አስቀምጪ። እኔ እንዲህ ባለ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተርፌያለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳልጽፍ ቀርቼ ስድስት ወር ሙሉ በኦዲተሮች ፊት ተመላልሻለሁ።

ስለ ብቃት ደግሞ፦ የመጀመሪያ ዲግሪሽና የመውጫ ፈተናው በሩን ያስከፍቱልሻል፤ ከዚያ በኋላ ስለ እነርሱ የሚጠይቅሽ የለም። ከጠበቃው ቤት የምታመጪው አንድ ትልቅ ሀብት አለ፤ ቀን መቁጠር ታውቂያለሽ። ጠበቃሽ ዘንድ ያንን ቀን የሚያስታውስሽ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበር። ኩባንያ ውስጥ ግን ማንም አያስታውስሽም። የታክስ ውሳኔ ደርሶ ቅሬታ የሚቀርብበት 21 ቀን ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ የሚደርሰው ሒሳብ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ «እናየዋለን» ተብሎ ከደረሰኞች ሥር ይተኛል። ስለዚህ ገና እንደ ገባሽ መዝገብ ቤቷን ተዋወቂያት። የምትሠራውን ሴት በስሟ እወቂያት፣ ቡና አብረሻት ጠጪ፤ ከገቢዎች፣ ከጉምሩክ፣ ከባንክና ከፍርድ ቤት የሚመጣ ማንኛውም ፖስታ ቅጂው በዕለቱ እንዲደርስሽ ተስማሙ። ይህን ማንም ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም። የእኔን ዓመታት ግማሽ ያቀለለልኝ ግን ይኸው ነው።

የሚጎድልሽ ሒሳብ ነው። አትቆጪኝ፤ የእኛ ትምህርት ቤቶች ሀብትና ዕዳን ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ የማይለይ ሕግ ዐዋቂ ያስመርቃሉ፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ። የፋይናንስ ኃላፊው «ይህ ዋስትና ከሒሳብ መዝገቡ ላይ ይታያል ወይ?» ሲልሽ አፍሽን ከፍተሽ እንዳትቀሪ፣ የአንድ ወር የማታ ኮርስ ውሰጂ። ከሁለተኛ ዲግሪው ይልቅ ይህ ይቀድማል።

ሁለተኛ ዲግሪውን አሁን አልመክርሽም። ሦስት ዓመት ከሠራሽ በኋላ የትኛው ጉዳይ እንቅልፍ እንደሚነሳሽ ታውቂያለሽ፤ ታክስ ከሆነ ታክስ፣ የንግድ ሕግ ከሆነ የንግድ ሕግ ተማሪ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለኃላፊነት ውድድር ነጥብ ይሰጡበታል፤ ለዚያ ጊዜ ይጠቅማል። እስከዚያ ማታ ማታ የምታነቢው አለሽ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ሰፊውን ክፍል ተክቷል፤ የተመረቅሽው በዚያው ዓመት ስለሆነ ክፍል ውስጥ የተማርሽው ምናልባት አሮጌውን ነው። ከእርሱ ጋር የታክስ አስተዳደር አዋጁን 983/2008ን፣ የጉምሩክ አዋጁን 859/2006ን፣ የደንበኛ ስልክና አድራሻ ለሚያከማች ኩባንያ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን 1321/2016ን ጨምሪ። የሰበር ውሳኔዎችንም በርዕስ እየለየሽ አደራጂ፤ የሕግ ትርጉማቸው በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና፣ ሥራ አስኪያጅሽን «አንቀጹ እንዲህ ይላል» ከማለት «ሰበር በእንዲህ ያለ ጉዳይ እንዲህ ወስኗል» ማለት ያሳምናል።

ጓደኞችሽ «ነገረ ፈጅ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?» የሚሉት የቀድሞውን ዘመን እያሰቡ ነው። በእኔ ጊዜ አባባላቸው እውነትነት ነበረው፤ ነገረ ፈጅ ማለት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለች ክፍል፣ የተቆለለ መዝገብ፣ ፍርድ ቤት የምታመላልስ አሮጌ መኪና ነበረ። ባንክ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዕዳ ላልከፈለ ሰው በአዋጅ 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መጻፍ፣ ከዚያ ሐራጅ፣ ከዚያ የሐራጁ ክስ። ይህ አሁንም አለ። ነገር ግን በዙሪያው ብዙ ተጨምሯል። በገንዘብ ተቋማት የሕግ ተገዢነት ራሱን የቻለ ክፍል ሆኗል፤ ወንጀል ነክ ገንዘብን ስለ መከላከል የወጣው ሕግ በኃላፊ ደረጃ የሚከታተል ሰው እንዲመደብ ይጠይቃልና። የዳይሬክተሮች ቦርድ ጸሐፊነትን በብዙ ቤት የሚይዘው የሕግ ሰው ነው፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ትንሽ ሥራ ይመስላል እንጂ፣ ድርጅቱ የት እንደሚሄድ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ጸሐፊው ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ 1248/2013 ወጥቶ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በጥር 2017 ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ አክሲዮኑን ገበያ ላይ ሊያወጣ የሚያስብ ኩባንያ ሁሉ ሰነዱን የሚያነጻለት ሰው ይፈልጋል። ባንኩ ዘርፍ በአዋጅ 1360/2017 ለውጭ ባንኮች ተከፍቷል፤ ቴሌኮሙ ቀድሞ ተከፍቷል። እነዚህ ሲመጡ እዚህ ያለውን የሥራ ሕግ፣ የመሬት ሊዝ፣ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የሚያውቅ ሰው ከውጭ ይዘው አይመጡም።

በሌላ በኩል በአዋጅ 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ተፈቅዷል። ቀድሞ ከኩባንያ ወጥቶ ጥብቅና መጀመር ከዜሮ መነሣት ነበር፤ ዛሬ የጥብቅና ድርጅቶች «ኩባንያ ውስጥ ምን እንደሚታሰብ የሚያውቅ» ሰው ይፈልጋሉ። ፈቃዱን ከተመኘሽው በኋላም ልታወጪው ትችያለሽ። አባትሽን ሳከብር፣ የዳኝነቱም በር አይዘጋብሽም በይልኝ፤ ንግድ ቤት ውስጥ ሆኖ ደረሰኝ ያየ ዳኛ የንግድ ችሎት ላይ ሲቀመጥ ተከራካሪው ያውቀዋል።

ለእነዚህ ሁሉ አንዲት ወረቀት ታስፈልግሻለች፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። በትናንሽ ኩባንያዎች «የአስተዳደርና ሕግ ጉዳዮች ኦፊሰር» የሚል ድቅል መደብ ይሰጡሻል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት ስትወዳደሪ «ከዚህ ውስጥ ሕግ የቱ ነው፣ አስተዳደር የቱ ነው?» ብለው ግማሹን ይቆርጡብሻል። መደቡ የሕግ ባለሙያ ወይም ነገረ ፈጅ ተብሎ ይጻፍ። ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ደግሞ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ፤ ደመወዝሽን ግማሽ በፔሮል፣ ግማሽ በእጅ እንክፈልሽ ካሉሽ እምቢ በይ። የሕግ ሰው ሆነሽ እንዲህ ያለውን ከተቀበልሽ ነገ በየትኛው አፍሽ ታክስ ክፈሉ ትያለሽ?

የባንኩን ነገር ሳልነካው ማለፍ አልችልም፤ ጓደኞችሽ በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ባንክ ውስጥ ብትገቢ አጠገብሽ አሥር የሕግ ባለሙያ ይቀመጣል፤ ስትሳሳቺ የሚያርምሽ አለ። አስመጪው ቤት ግን ብቻሽን ነሽ፤ ስሕተትሽን የምታውቂው መጥሪያ ሲመጣ ነው። ከጠበቃው ጋር የሠራሽበት ጊዜ ባይኖርሽ ኖሮ ያለ ማመንታት ባንኩን ጠብቂ እልሽ ነበር። አሁን ግን ሥራውን ተቀበይ የሚለው ይጋደልብኛል፤ ባንክ ገብተሽ ሦስት ዓመት የማስያዣ ውል ብቻ ልታዪ ትችያለሽ፤ እዚህ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከኪራይ ውል እስከ ጉምሩክ ክርክር ሁሉም በእጅሽ ያልፋል። ሁለት ነገር ግን በጽሑፍ ይግባልሽ። ተጠሪነትሽ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ይሁን፤ ለሰው ሀብት ኃላፊው ከሆነ የጥበቃ ሠራተኞችን የቅጣት ደብዳቤ ስትጽፊ ትከርሚያለሽ። ሁለተኛ፣ ከተወሰነ የብር መጠን በላይ የሆነ ውል ሳታዪው እንዳይፈረም። መጠኑን እነርሱ ይወስኑት፣ አትከራከሪ። መርሑ ይግባ እንጂ ቁጥሩ ከጊዜ ጋር ይወርዳል። ከጠበቃሽም ጋር በደኅና ተለያዪ፤ ከባድ ክርክር ሲመጣ ኩባንያው የሚቀጥረው እርሱን እንዲሆን ብታደርጊ፣ ብቸኝነትሽ ይቀላል፣ እርሱም አይቀየምሽም።

የቅጥር ውሉን ሲሰጡሽ ደግሞ አንብቢው። አትሳቂ። እኔ በ1997 ዓ.ም. ስቀጠር የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ የሚል ውል ሳላነብ ፈርሜያለሁ፤ የጊዜው አዋጅ የሚፈቅደው 45 ቀን ነበር። ዛሬ 60 የሥራ ቀን ነው። ማዕረጉንም እዪ፦ ብቸኛዋ ሠራተኛ ሆነሽ «የሕግ አገልግሎት ኃላፊ» ቢሉሽ ለጆሮ ደስ ይላል፣ ነገር ግን የሥራ መሪ ነሽ ተብለሽ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ጥበቃ ልትወጪና የተባረርሽ ቀን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልትከራከሪ ትችያለሽ። የኃላፊ ደመወዝ ካልከፈሉሽ የኃላፊነት ስሙን አትቀበዪ። ሥራ አስኪያጁ «ውል እኮ ሁሉም ያው ነው» ሳይሉ ይህን አንቀጽ ከአስተካከሉልሽ፣ ያ ኩባንያ ሳትቀጠሪ የመጀመሪያ ውሉን አሳይቶሻል ማለት ነው፤ ሰኞ ሥራ ጀምሪ።